የሜፕል እግር፣ የሁርሶ ኒም

ሁርሶ፣ አጎቴ ግቢ ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ ነበር። ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ያለች ሞቃት ቦታ ናት፤ ብዙ ሰው ስሟን ሲሰማ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ወታደራዊ ማሰልጠኛው ነው። እኔ ግን ትዝ የሚለኝ ያ ጥላ ነው። በዚያ ሙቀት ጥላ ማለት አንድ ተጨማሪ ክፍል ማለት ነው፤ ምሳ እዚያ ይበላል፣ ቡና እዚያ ይፈላል፣ እንግዳ እዚያ ይቀመጣል። ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቧራ የቀላቀለ ንፋስ መጣና ዛፉን ጣለው። ግንዱ አልተሰበረም፤ ከነሥሩ ተነቅሎ ነው የተጋደመው። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ምስጥ አልነካውም፣ በሽታም አይታይበትም። አጎቴ ጉድጓዱን እያየ "አቦ፣ አንተ ኢንጂነር አይደለህ እንዴ? ይሄ ዛፍ ምን ጎደለው?" አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ ነገሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሥሮቹ ወደ ጎን አልተዘረጉም። እንደተጠቀለለ ገመድ እርስ በርስ ተጠማዝዘው የጣሳ ቅርጽ ሠርተዋል፤ ልክ ችግኙ መጀመሪያ የመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ ቱቦ ቅርጽ። ቱቦው ከተቀደደ ዓመታት አልፈዋል፣ ቅርጹ ግን እዚያው አለ። ከጥቅሉ አምልጠው የወጡት ጥቂት ሥሮች ያን ሁሉ ቅርንጫፍ ሊይዙ የማይችሉ ቀጫጭኖች ነበሩ።

ቱቦው ጥፋተኛ መሆኑ ገብቶኛል። ያልገባኝ ግን ሥር በትክክል እንዲዘረጋ ምን ማድረግ እንደሚቻል ነበር። ጥያቄውን ይዤ ሳነብ ሳነብ ያልጠበቅሁት ቦታ ደረስኩ። ይህን ጉዳይ በጣም ጠንቅቀው የሚያውቁት በሳህን በምታክል ሸክላ ውስጥ ሜፕል የሚያሳድጉ የጃፓን ቦንሳይ ባለሙያዎች ሆነው ተገኙ።

ኔባሪ

ቦንሳይ በጃፓንኛ "በዝርግ ሸክላ የተተከለ" እንደማለት ነው። የተለየ የድንክ ዛፍ ዝርያ አይደለም። ሜዳ ላይ ቢተከል ከቤት በላይ የሚያድገው ያው ዛፍ ነው፤ ሥሩና ቅርንጫፉ እየተገረዘ፣ በሽቦ እየተገራ፣ ትንሽ ሆኖ ያረጀ ዛፍ እንዲመስል የሚደረግበት ጥበብ ነው። መነሻው ቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ706 የተሠራ የአንድ ቻይናዊ ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ በሳህን የተቀመጠ ትንሽ ተክል የያዙ አገልጋዮች ተስለው ይታያሉ። ጃፓኖች ከዚያ ወስደው የራሳቸው አደረጉት። ዛሬ ከቶኪዮ በስተ ሰሜን ኦሚያ የሚባል ሰፈር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ከደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ቶኪዮን ለቀው የወጡ የቦንሳይ አሳዳጊዎች በ1925 የመሠረቱት ነው።

አንድ ጥሩ ሜፕል ቦንሳይ ፊት የቆመ አዋቂ መጀመሪያ የሚያየው ቅጠሉን እንዳይመስላችሁ። ከታች ነው የሚጀምረው፣ ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ። ከዚያ ሥሮቹ እንደ ጣት ወይም እንደ ወፍ እግር ዙሪያውን ተዘርግተው ቀስ እያሉ አፈር ውስጥ መግባት አለባቸው። ይህ የሥር ዝርጋታ ኔባሪ ይባላል። "ኔ" ሥር ነው፣ ቀሪው መዘርጋት። ቅርንጫፍ ቢበላሽ ሌላ ይበቅላል፤ ኔባሪ ከተበላሸ ግን ለማስተካከል ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ አንዳንዴም አይስተካከልም።

በኔባሪ ስማቸው የሚነሳው በተለይ ሁለት ሜፕሎች ናቸው። አንዱ የጃፓን ሜፕል ሲሆን የእጅ መዳፍ የመሰለ ቅጠል አለው። ሌላው ከምሥራቅ ቻይና የመጣው፣ ቅጠሉ ሦስት ጫፍ ያለው ሜፕል ነው። የዚህ የሁለተኛው ሥሮች እርስ በርስ ሲነካኩ ይዋሃዳሉ፤ በብዙ ዓመት ውስጥ ተጣብቀው ከግንዱ ስር እንደ ቀለጠ ሻማ የተንጣለለ አንድ ወጥ እንጨት ይሆናሉ። መጀመሪያ በፎቶ ሳየው የተሠራ ነገር መስሎኝ ነበር።

ለምን ያምራል?

ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኔ አይመስለኝም። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ የሆነ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር ላንሳ። ሕንፃ ሲሠራ ኮለን በቀጥታ አፈር ላይ አይቆምም። ከስሩ ሰፋ ያለ የአርማታ ፉቲንግ ይደረግለታል፤ ይህ ካልሆነ ኮለኑ እንደ ችካል አፈሩን ወግቶ ይሰምጣል፣ ወይም ከጎን ሲገፋ ይገለበጣል። ዛፍ ላይ ደግሞ ዋናው ጣጣ ክብደቱ ሳይሆን ንፋሱ ነው። ንፋስ ከላይ ቅጠሉን ሲገፋ ግንዱን የማጠፍ ኃይሉ፣ እኛ ሞመንት የምንለው፣ ወደታች በወረድን ቁጥር ይጨምራል። ከፍተኛው ቦታ እግሩ ላይ ነው። ዛፍ እግሩ ላይ የሚሰፋው ለዚህ ነው።

ግን ዛፍ ሒሳብ አይሠራም፤ ታዲያ የት መስፋት እንዳለበት በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1973 ሞርደካይ ጃፌ የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ሳይንቲስት የተክሎችን ግንድ በየቀኑ በእጅ እየታሸ ካልተነኩት ጋር አነጻጸረ። የታሹት አጭርና ወፍራም ሆኑ። ነገሩን ቲግሞሞርፎጀነሲስ አለው፤ ስሙ ምላስ ይሰብራል፣ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው፦ ተክል የሚያጥፈው ነገር ሲሰማው እዚያው ቦታ ላይ እንጨት ይጨምራል። ጀርመናዊው ክላውስ ማቴክ ይህንኑ ወደ ምህንድስና ቋንቋ አምጥቶ፣ ዛፍ ላዩ ላይ ያለው ስትረስ በየቦታው እኩል እስኪሆን ድረስ እንጨት እየጨመረ ያድጋል የሚል መርህ አስቀመጠ። ከግንድ ወደ ሥር ያለው ያ ለስላሳ ማጠፊያ የዚህ ሥራ ውጤት ነው። የማሽን ክፍል ስንነድፍ ሹል ማዕዘን የምናስወግደውም ለዚሁ ነው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከማዕዘን ነውና።

ስለዚህ ጥሩ ኔባሪ ስናይ ዓይናችን "ይሄ አይወድቅም" የሚል ይመስለኛል። ሥሩ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ደግሞ ሳይነግሩን ምቾት አይሰጠንም።

(እግረ መንገዴን፦ አዲስ የተተከለ ችግኝ ከድጋፍ እንጨት ጋር ጥብቅ አድርጋችሁ አትሰሩት። እንዳይወዛወዝ ስትከለክሉት እግሩን የሚያወፍርበትን ምልክት ነው የምትነፍጉት። ላላ ብሎ ይታሰር፣ ሲጠነክር ይፈታ።)

ሀብታሙ ሥር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዛፉን ዝም ብለን ብንተወው ለምን ዙሪያውን እኩል የሆነ ሥር አያወጣም?

ሥር የሚወፍረው ካምቢየም በሚባል ስስ የሴል ሽፋን አማካይነት ነው። ካምቢየም ወደ ውስጥ እንጨት፣ ወደ ውጭ የቅርፊቱን ክፍል ይሠራል። ሙዝ፣ እንሰትና ዘንባባ ይህ ሽፋን ስለሌላቸው ሥራቸው አይወፍርም፤ በእነሱ ኔባሪ መሥራት አይታሰብም። ካምቢየም ምን ያህል እንደሚሠራ የሚወስነው ደግሞ በዚያ ሥር የሚያልፈው ትራፊክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሺኖዛኪ የተባለ ጃፓናዊና ባልደረቦቹ ዛፍን እንደ ብዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች እስር አድርገን እንድናስበው ሐሳብ አቀረቡ፤ እያንዳንዱ የቅጠል መጠን የራሱ ቧንቧ አለው፣ ግንድ ማለት የቧንቧዎቹ ድምር ነው። ሐሳቡ ለሥርም ይሠራል። ከጫፉ ብዙ ቀጫጭን ሥር ያለው ትልቅ ሥር ይወፍራል፤ ጫፉ ላይ ምንም የሌለው እንደ ክር ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ አዙሪት አለ። አንድ ሥር በአጋጣሚ ውሃ ያለበት ቦታ ደረሰ እንበል። ብዙ ውሃ ይልካል፣ ከላይ ብዙ ስኳር ይደርሰዋል፣ ስለዚህ ይረዝማል፣ ስለረዘመ ሌላ ውሃ ያገኛል። ጎረቤቶቹ እየቀጨጩ ይሄዳሉ። ልዩነቱን በቁጥር እዩት፦ ዲያሜትሩ 2 ሴንቲሜትር የሆነ ሥር 1 ሴንቲሜትር ከሆነው ጋር ሲነጻጸር የቆረጣ ስፋቱ 4 እጥፍ፣ መታጠፍን የመቋቋም ጥንካሬው 8 እጥፍ፣ ግትርነቱ ደግሞ 16 እጥፍ ነው። እንግዲህ ንፋሱን ሁሉ የሚሸከመው አንዱ ሥር ይሆናል፣ ስለተሸከመ ደግሞ የበለጠ ይወፍራል። ዘር በዘርነቱ ሲበቅል የሚያወጣው ወደታች የሚወርደው ዋና ሥር የዚህ ሀብታም አባት ነው። መሬት ላይ ላለ ዛፍ ችግር የለውም፤ ለዝርግ ሸክላ ግን አይሆንም።

የቦንሳይ ሰዎች መፍትሔ ጨካኝ ይመስላል፦ ወፍራሙን ቁረጥ፣ ቀጭኑን ተው። ጀማሪ ሁሉ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፤ ወፍራሙ "ዋና" ስለሚመስል ያዝንለትና ፀጉር የመሰሉትን ይጨርፋል። ወፍራሙ ከግንዱ አጠገብ ሲቆረጥ ሁለት ነገር ይሆናል። ትራፊኩ ለቀጫጭኖቹ ይከፋፈላል። በተጨማሪም ጫፍ ያለው ሥር ጎኑ ላይ ያሉትን ተጠባባቂዎች ዝም ያሰኛል፤ ጫፉ ሲሄድ እነሱ ይነቃሉ። ከአንድ ቁራጭ 3 አዲስ ሥር ወጣ እንበል፤ በየዓመቱ ብንደግመው በ4ኛው ዓመት 81 ጫፍ አለን ማለት ነው። እርግጥ ነው ሁሉም አይተርፉም፤ ግን አንድ ወፍራም ገመድ የነበረው ነገር እንደ ማራገቢያ ይከፈታል።

በሴራሚክ ላይ የሚያድግ ዛፍ

ሥራው የሚጀምረው ከሕፃን ችግኝ ነው። ወደታች የሚሄደው ዋና ሥር ይቆረጣል። ከዚያ ችግኙ በዝርግ ነገር ላይ ይቀመጣል፤ የሴራሚክ ቁራጭ ወይም ጣውላ ሊሆን ይችላል። ሥሮቹ እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን ይደረደራሉ፣ አንዳንዶች በትናንሽ ምስማሮች መካከል እያሳለፉ ቦታቸውን ያስይዟቸዋል። ከዚያ አፈር ይለብሳል። ወደታች መሄድ የፈለገ ሥር ሴራሚኩን ሲያገኝ ምርጫ የለውም፣ ወደ ጎን ይሄዳል። ግንዱም ከስሩ ጠንካራ ነገር ስላለ ሲወፍር ወደ ጎን ይሰፋል።

በየ1 ወይም 2 ዓመቱ፣ ቡቃያው ሊፈነዳ ሲል፣ ዛፉ ተነስቶ አፈሩ ይራገፋል። በግንዱ ስር ወደታች ያደጉት ይቆረጣሉ። የተጠላለፉት ይለያያሉ። ሀብታሞቹ ያጥራሉ። ወቅቱ በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ ቅጠል ሳይኖር ውሃ የሚጠይቅ የለም፣ በእንጨቱ የተከማቸው ምግብ ደግሞ አዲስ ሥር ለማውጣት ዝግጁ ነው። የሚመለስበት አፈርም የጓሮ ጭቃ አይደለም። ጃፓኖች አካዳማ የሚባል ጠጠር የመሰለ የሸክላ አፈር ይጠቀማሉ፤ ውሃም አየርም እንዲይዝ ነው። የእኛ አገር ፑሚስ፣ ያው ለብሎኬት ማምረቻ የሚውለው ቀላል ድንጋይ፣ ሩዝ በሚያክል መጠን ተነፍቶ ዱቄቱ ሲወገድ ይህንን ሥራ ጥሩ አድርጎ ይሠራል።

በአንድ ጎን ሥር ጭራሽ ባይኖርስ? አንዱ መንገድ ማዳቀል ነው። ትንሽ የሜፕል ችግኝ ግንዱን ከትልቁ ዛፍ እግር ጋር ልጦ ማገናኘት፣ ማሰር፣ መጠበቅ፤ ሲዋሃዱ የችግኙን አናት መቁረጥ። ሥሩ አዲስ ጌታ አገኘ ማለት ነው።

ሌላውና እኔን በጣም የሚገርመኝ ዘዴ ግን ቀለበት መላጥ ነው። አሮጌው ሥር ተስፋ ከሌለው ዛፉን ከላዩ ላይ አዲስ ሥር እንዲያወጣ ማስገደድ ይቻላል። ከሥሩ በላይ ዙሪያውን የግንዱን ውፍረት ያህል ስፋት ያለው ቅርፊት ይላጣል፤ ግንዱ 3 ሴንቲሜትር ከሆነ ቢያንስ 3 ሴንቲሜትር። የካምቢየሙ አንሸራታች ሽፋንም ተፍቆ ይወጣል፤ አለበለዚያ ዛፉ ድልድይ ሠርቶ ቁስሉን ይዘጋዋል። የተላጠው ቦታ ውሃ በሚይዝ ነገር፣ ለምሳሌ በረጠበ የኮኮናት ቃጫ፣ ይሸፈናል።

ዛፉ ለምን አይሞትም? በባዮሎጂ ክፍል የተማራችሁትን አስታውሱ። ውሃ የሚወጣው በውስጠኛው እንጨት፣ በዛይለም ነው፤ እሱን አልነካነውም፣ ስለዚህ ቅጠሉ አይጠወልግም። ከቅጠል የሚወርደው ስኳርና ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን ግን የሚጓዙት በላጥነው ክፍል ነው። ሁለቱም መንገዱ ተዘግቶባቸው ከቀለበቱ በላይ ይከማቻሉ። ኦክሲን በተከማቸበትና እርጥበት ባለበት ቦታ ያሉ ሴሎች ሥር ወደ መሆን ይዞራሉ። ቁስሉ ክብ ስለሆነ ሥሮቹ ዙሪያውን፣ በአንድ ከፍታ ላይ ይወጣሉ፤ ቦንሳዩ የሚፈልገው ልክ ይህንን ነው። በጸደይ የተሠራ ሜፕል በተለምዶ በሁለት ወር አካባቢ ሥር ያሳያል። ከዚያ ከታች ተቆርጦ ለብቻው ይተከላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሥሮቹ ሲያምሩ ሰው ቸኩሎ ከአፈር አውጥቶ ማሳየት ይፈልጋል። ፀሐይ ያገኘው ቀጭን ሥር ይደርቃል፣ መወፈሩም ይቀንሳል። ኔባሪ በአፈር ተሸፍኖ ነው የሚያድገው፤ የሚገለጠው ከዓመታት በኋላ ነው። ከእኔ ጋር ይህን የጀመረ ጓደኛዬ በየሳምንቱ አፈሩን እየጫረ ያይ ነበር። ምን እንዳተረፈ መገመት አያቅታችሁም።

ድሬዳዋ ላይ ሜፕል?

አይሆንም። ሜፕል ቅጠሉን አርግፎ ለሳምንታት ብርድ ውስጥ መተኛት ይፈልጋል፤ ከዜሮ እስከ 7 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ አካባቢ። የድሬዳዋ አማካይ ሙቀት በዓመት 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ዘሩን በፖስታ ያስመጣ ሰው ቢኖር እንኳ ዛፉ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው እየደከመ ይሄዳል።

ግን ማን ሜፕል ፈለገ! ሾላና ዋርካ አሉን። ሁለቱም የፊከስ ዘመዶች ናቸው፣ ፊከስ ደግሞ በሞቃት አገር ቦንሳይ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚወደድ ነው። ትልቅ ሾላ እግር ስር ተቀምጦ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ሐረርጌ ውስጥ ኦዳ እየተባለ ሽማግሌ የሚሰበሰብበት፣ ጉዳይ የሚታይበት ዛፍ ነው። ሰው የሚቀመጥበት ያ ከመሬት ወጣ ያለ ሥር ራሱ ኔባሪ ነው። የፊከስ ሥሮች ልክ እንደዚያ ባለ ሦስት ጫፍ ሜፕል ሲነካኩ ይዋሃዳሉ፤ ከቁራጭም በቀላሉ ይበቅላሉ።

መሞከር ለሚፈልግ፦ አውራ ጣት የሚያክል ጤነኛ የፊከስ ቅርንጫፍ ውሰዱ፤ ለግቢ ማሳመሪያ የሚተከለው ባለ ትንሽ ቅጠሉ ፊከስ በጣም ይመቻል። ከታች በስለት ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሳታጋድሉ ቁረጡት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሥሩ የሚወጣው ከካምቢየም ቀለበት አካባቢ ስለሆነ ቀለበቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ሥሮቹ በአንድ ከፍታ ይወጣሉ፣ ካጋደለ ሥሩ ዝቅተኛውን ጫፍ ይመርጣል። የሚወጣውን ነጭ ወተት ታጠቡት፣ ዓይናችሁን በእጃችሁ አትንኩ። ግማሹን ቅጠል ቀንሳችሁ በተነፋ ፑሚስ ውስጥ፣ ከታች ሴራሚክ አስቀምጣችሁ፣ ጥላ ቦታ ትከሉት። ከዚያ አትነቅንቁት።

ሁመርም አለ፤ ታማሪንድ የሚሉት። ከምሥራቅና ደቡብ ኢትዮጵያ ደረቅ ቦታዎች ደግሞ የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለው አዴኒየም ይበቅላል፤ እግሩ እንደ ጠርሙስ ያበጠ፣ አበባው ሮዝ። የዓለም ገበያ ላይ በውድ የሚሸጥ የሸክላ ተክል ነው። አሳዳጊዎቹ አፈር በቀየሩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ከፍ አድርገው በመትከል ያበጠውን ሥር ያወጡታል። ወተቱ መርዛማ ነው፤ በአፍሪካ አንዳንድ ቦታዎች ለቀስት መርዝ ይጠቀሙበት ነበር። ከሜዳ ነቅላችሁ አትውሰዱ፣ ከዘር ይበቅላል።

የተራቆተው ሥር

በሁርሶ አካባቢ ያሉትን ደረቅ አሸዋማ ወንዞች ይዛችሁ ብትሄዱ ዳርቻው ላይ ሥራቸው የወጣ ግራሮች ታያላችሁ። ቦንሳይ ውስጥ ኔአጋሪ የሚባል ስልት አለ፤ ዛፉ በረጃጅም የተራቆቱ ሥሮች ላይ እንደ ሸረሪት የቆመ የሚመስልበት። የሚኮርጀው ይህንኑ ነው፣ አፈሩ በጎርፍ የታጠበበትን ዛፍ። በፎቶ ያምራል። ወንዝ ዳር ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ሥሩ አልወጣም፣ መሬቱ ነው የወረደው።

ይህን ሳይንቲስቶች እንደ ሜትር ይጠቀሙበታል። ሥር ከአፈር ሲወጣ የሚሠራው የእንጨት ሴል ይለወጣል፤ ከመጋለጡ በፊትና በኋላ ያለው ቀለበት በማይክሮስኮፕ ይለያል። የዓመት ቀለበቶቹን ከዚያ ወዲህ ከቆጠርን ሥሩ መቼ እንደተጋለጠ እናውቃለን። ሥሩ አሁን ከመሬት ስንት ሴንቲሜትር ከፍ እንዳለ ለክተን ለዓመታቱ ስናካፍል አፈሩ በዓመት በምን ፍጥነት እንደታጠበ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቫልሞር ላማርሽ ካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ በጥንታዊ ጥዶች ሥር ይህንን ሠርቷል። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደባት ከተማ ናት። ውሃው ከላይ ከተራሮቹ ሲወርድ የሚይዘው አፈርና ሥር ስንት እንደቀረ መለካት እዚህ የቅንጦት ጥናት አይደለም።

እና ቱቦው

ለአጎቴ መልሱን የነገርኩት ከወራት በኋላ ነው። ችግኝ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሲቆይ ሥሩ ግድግዳውን ይነካና ይጠመዝዛል፤ ለስላሳ ግድግዳ ላይ መቆሚያ የለውም፣ ይዞራል፣ ይዞራል። በቱቦ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይባስበታል። ከተተከለ በኋላ የተጠመዘዘው አይቃናም፣ ምክንያቱም የቆየ ሥር እንጨት ሆኗል። ከዚያ ግንዱም ሥሩም ሲወፍሩ እርስ በርስ መናነቅ ይጀምራሉ፤ ካምቢየሙ ይጨፈለቃል፣ ስኳሩ መውረጃ ያጣል። ቅድም ያየነው የቀለበት መላጥ በራሱ በዛፉ ሥር፣ በዝግታ ሲፈጸም አስቡት። ዛፉ ለዓመታት ጤነኛ ይመስላል። ጉዱ የሚታየው አናቱ ከብዶ ትልቅ ንፋስ የመጣ ቀን ነው።

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በቢሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ለመትከል ያለመ ነው፤ እናንተም ከትምህርት ቤት ወይ ከሰፈር ወጥታችሁ ተክላችሁ ይሆናል። ስንት ተተከለ ይባላል፣ ቀጥሎ ስንት ጸደቀ ይባላል። ሥሩ እንዴት ነበር ብሎ የሚጠይቅ ብዙም አልሰማሁም፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ጥሩ ችግኝ ጣቢያዎች ቱቦውን በየጊዜው እያነሱ ከስሩ የወጣውን ይቆርጣሉ፣ ወይም ቱቦውን ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ መደብ ላይ ያስቀምጣሉ። አየር ያገኘው የሥር ጫፍ ይደርቅና ውስጥ ያሉት የጎን ሥሮች ይነቃሉ፤ የሜፕሉ ጫፍ ቆረጣ፣ ያለ መቀስ።

ጉድጓድ አጠገብ ቆማችሁ ችግኝ በእጃችሁ ሲገባ ግን የመጨረሻዎቹ ተቆጣጣሪዎች እናንተ ናችሁ። ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ቅደዱት፤ ከነቱቦው መትከል አይሆንም። ከታች የተጠቀለለ ሥር ካለ በአንድ ጣት ውፍረት ልክ የታችኛውን ክፍል በስለት ቁረጡና ጣሉት። ጎኑ ላይ የሚዞሩ ካሉ ከላይ ወደታች በሁለት ሦስት ቦታ ሰንጥቋቸው። እጃችሁ ይሳሳል፣ አውቃለሁ፤ ችግኙ ግን ይህንን ከሚያጣው በላይ ይመልሳል፣ ውሃ እስካገኘ ድረስ። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን፣ በጥልቀት አትቅበሩት።

አጎቴ በኒሙ ቦታ ሌላ ኒም ተክሏል። ቱቦውን ሲቀድ እኔ ቢላ ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ የታችኛውን ጥቅል ስቆርጠው "አንተ ልታሳድገው ነው ልትገድለው?" አለኝ። አሁን ከወገቤ በላይ ደርሷል። ባለፈው ስሄድ በእግሩ ዙሪያ አፈሩን በጣቴ ጫር አድርጌ አየሁና ወዲያው መልሼ ሸፈንኩት። አምስት ሥር ቆጥሬያለሁ፣ ወደ አምስት አቅጣጫ፤ በቤቱ በኩል ያለው ጎን ብቻ ገና ባዶ ነው።